የሥራው ስም እና የሥራው ውሎ

ሥራ ፈላጊ ማነጋገር እንጀራዬ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ እየሰፋ ወደ ውጭ የሚልክ አንድ ፋብሪካ አለ፤ ስሙ ይቆየን። እዚያ የቅጥርና ሥልጠና ክፍል ውስጥ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚቆለሉት ማመልከቻዎች አንድ ሰው ተቀምጦ የጻፋቸው ይመስላሉ፤ ነገሩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ ያሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ያንኑ ደብዳቤ ስም እየለወጡ ያትሙታል። ከላይ «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ታች ደግሞ «በማንኛውም ክፍት የሥራ መደብ ላይ ብመደብ በቅንነትና በታማኝነት የማገለግል መሆኔን እገልጻለሁ»።

አዲስ የገቡ የክፍላችን ልጆች በዚህ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ከተመረቀ ዓመት ያለፈው ልጅ አንዱን መደብ ከጠራ ሌላው በር እንደሚዘጋበት ያውቃል። ግን ወንበር ስቦ ተቀምጦ ወሬ ስንጀምር፣ ማንኛውም የተባለው ሥራ ቀስ በቀስ መልክ ያወጣል። አንዱ «ቢሮ ቢሆን» ይላል። አንዱ «ሱፐርቫይዘር»። አንዷ ደግሞ «ባጅ አንገቴ ላይ አድርጌ ሰፈር ብገባ እናቴ ደስ ይላታል» ብላኛለች፤ ከዚህ የበለጠ እውነት በቃለ መጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ እኔ የማነሳት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ሱፐርቫይዘር ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ምን ሲያደርግ ይውላል?» እዚህ ላይ ወሬው ይቆማል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው። ሰው የሚመኘው የሥራውን ስም ነው፤ ሲቀጠር የሚሰጠው ግን ውሎው ነው። ረካ አልረካም የሚለው የሚታወቀው እዚያ ውሎ ውስጥ ነው። ችሎታም እንደዚያው። «ኢንጂነር የመሆን» ችሎታ የሚባል የለም፤ ድሮዊንግ የማንበብ፣ የተበላሸን ማሽን ሳይሰለቹ የመፈታታት፣ ለአለቃ «ይሄ አይሠራም» ብሎ የማስረዳት ችሎታ ግን አለ። ምኞትህን ከአቅምህ ጋር አስማማ ብሎ የሚመክር ሰው ብዙ ነው። ከየትኛው ሰዓት ጋር እንደሚስማማ የሚነግርህ ግን ጥቂት ነው።

የስፌት ኦፕሬተር ስንቀጥር ፈተናው ወረቀት ላይ ነው፤ እስክሪብቶ ግን የለም። ማሽኑ ክር አይገባበትም። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ቀጥሎ ማዕዘን ያላቸው፣ መጨረሻ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጠቀለል መስመር ታትሟል። መርፌዋ መስመሩን ተከትላ ወረቀቱን እየበሳች ትሄዳለች። ፔዳሉን አጥብቆ የረገጠ ማዕዘኑ ላይ ያመልጠዋል፤ የፈራ ደግሞ ክቡ መሃል ላይ ቆሞ ወረቀቱን ሲያዞር ይቀደድበታል። ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ መስኮት ከፍ አድርጎ ቀዳዳዎቹን ማየት ነው። ማን እጁ እንደሚረጋ፣ ማን እንደሚጣደፍ፣ ማን ስቶ እንደተመለሰ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል። ከሲቪ ይልቅ ይህን አምናለሁ። «ኤክሴል ትችላለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ በሙሉ አፉ «በደንብ!» የሚለውና «ጥቂት ጥቂት» የሚለው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ከወረባቦ የመጣች አንዲት ልጅ ነበረች። 10ኛ ክፍል ጨርሳለች፣ የእግር መኪና ስፌት ከአክስቷ ተምራለች። ወረቀቷን ብርሃን ላይ ሳየው ከመስመሩ የወጣ ቀዳዳ የለም ማለት ይቻላል። ሥልጠናው ሳያልቅ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ተመደበች፤ ታርጌቷንም ከሌሎቹ ቀድማ መምታት ጀመረች። እኔ «እጅና ሥራ ተገናኙ» ብዬ ፋይሏን ዘጋሁ። ብዙም ሳይቆይ መልቀቂያ ይዛ መጣች።

«ደሞዙ አነሰኝ» አለች። ሁሉም የሚለው ነው፤ እውነትም ነው። ግን ሰው ሲለቅ መጀመሪያ የሚናገረው ምክንያት ለአለቃ የሚነገረው ነው። ሻይ አስመጥቼ ዝም አልኩ። ቆይታ፣ «ጋሼ፣ እኔ ኮሌታ ብቻ ነው የምሰፋው» አለችኝ። «ሸሚዙን አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን ይዤው አላውቅም። አክስቴ ጋ ቀሚሱን ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ባለቤቷ ስትለብሰው አያለሁ።» አሁን ኮምቦልቻ ገበያ አካባቢ በአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ማሽን ይዛ ትሠራለች። አንዳንድ ወር እኛ ከምንከፍለው ያነሰ እንደምታገኝ ራሷ ነግራኛለች። ልመለስ ግን አላለችም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ «ፋብሪካ ሰውን ያደርቃል» ብዬ ልጽፍ እችል ነበር። ከጎኗ ተቀምጣ ያንኑ ኮሌታ የምትሰፋው ሴት ግን ዛሬም አለች፤ ወደ ሌላ ሥራ እናዛውርሽ ስንላት እምቢ ትላለች። እጇ ይሠራል፣ አፏ ከጎረቤቷ ያወራል፣ ሐሳቧ ልጇ ጋ ነው። ሥራው ሐሳቧን አይወስድባትም፤ የምትወደውም ለዚህ ነው። የሁለቱም እጅ አንድ ነው፣ ታርጌቱም አንድ ነው፣ ደሞዙም አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ያነጋገረበትን ጥናት አሳተመ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በሥራህ እጅግ ደስ ያለህ መቼ ነው? እጅግ የከፋህስ? መልሶቹ እርስ በርስ ተቃራኒ አልሆኑም። ሰዎቹን ያስከፋቸው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ የአለቃው ጠባይ፣ ደሞዙ፣ የሥራ ቦታው ሁኔታ ነው። ደስ ያሰኛቸው ደግሞ አንድን ነገር ሠርቶ መጨረስ፣ ሰው ልፋታቸውን ማወቁ፣ ኃላፊነት፣ ሥራው ራሱ። ደሞዝ ሲያንስ ያስመርራል፤ ሲጨመር ግን ምሬቱን ያነሳል እንጂ ሥራውን አያስወድድም ማለት ነው። ተቺዎቹ «ሰው ጥሩውን ለራሱ፣ መጥፎውን ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ ውጤቱም የመጣው ከዚያ ነው» ብለዋል። በስንብት ቃለ መጠይቅ ላይ እኔም የማየው ነገር ነው።

የወረባቦዋ ልጅ ለኸርዝበርግ ጥሩ ምስክር ትሆን ነበር። እኔ ግን ይህን ጥናት ስብሰባ ላይ እየጠቀሰ «ዋናው ደሞዝ አይደለም» የሚል ኃላፊ ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ፒትስበርግ የተጠየቁት መሐንዲሶችና የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው። እኛ ጋ ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው ፍራሽ እየተጋሩ የሚያድሩ ልጆች ናቸው ያሉት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ክፍያ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ አዋጁ ከወጣ በኋላ ዓመታት ነጎዱ፣ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን የደመወዝ ወለሉን ሲጠብቅ ኖሯል። የቤት ኪራይ ያልሸፈነ ደሞዝ ስለ ሥራ ፍቅር ለማውራት ፋታ አይሰጥም።

ወደ ምኞቱ ልመለስ። ልጆቹ ሱፐርቫይዘር ምን ሲሠራ እንደሚውል አያውቁም ብዬ አልወቅሳቸውም። ከየት ይወቁት? ደሴ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሲያይ የሚያድገው ነጋዴ፣ ሾፌር፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ጋራዥ፣ ባንክ ቤት መስኮት ኋላ የተቀመጠ ሰው ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ኮምቦልቻ ወርዶ የቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ የቦይለር ኦፕሬተር ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ አያውቅም። ስለዚህ ካየው ይመርጣል፤ ካየውም ውስጥ የሚከበረውን።

እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ ፍራንክ ፓርሰንስ የሚባል ሰው ወጣቶችን ስለ ሙያ የሚያማክር ቢሮ ከፍቶ ነበር። ሐሳቡ ሲጠቀለል ሦስት ነገር ነው፤ ራስህን እወቅ፣ ሥራዎቹን እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን በረጋ አእምሮ አገናኝ። የመጀመሪያውን ዛሬ አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሁሉ ይሰብከዋል። ሁለተኛውን ግን ማንም አልያዘው። የምህንድስና ተማሪዎች አፓረንት (ፋብሪካ ውስጥ የተግባር ልምምድ) ሲወጡ ጥሩ ዕድል ነበር፤ ከሚመጡት ግማሾቹ ግን የሚፈልጉት የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው፤ ማሽን ክፍሉን በሩ ላይ ቆመው አይተው ይሄዳሉ። ይህንንም እነሱ ላይ ብቻ አላላክክም። እኛም «እዚያ ተቀመጡ» ነው የምንላቸው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዘመን 70/30 የሚባል ሥርዓት ነበር፤ ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ምርጫህን በተራ ትሞላለህ፤ ነጥብህ ይመድብሃል። እኔ በ30ው በኩል ነበርኩ። ማኔጅመንትን የሞላሁት ሕግ ካልደረሰኝ ብዬ ነው፤ ሕግም አልደረሰኝ። ነጥብ ያመጣ ጓደኛዬ ደግሞ ታሪክ ማስተማር ይወድ ነበር፤ «ነጥቡን እንዳያባክን» ተብሎ ሌላ ገባ። እንዲህ ያለ ልጅ «መምህር ልሁን» ቢል ኖሮ ሰፈሩ እናቱን ሊያጽናና ይመጣ ነበር። በቅርቡ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ጥር 2015 ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ የሚቀጥለው ዓመት 3.2። የቀሩት በመቶ ሺዎች ናቸው፤ ምኞታቸው በአንድ ቀን ተዘጋ። ከእነሱ አንዳንዶቹ እኔ ጋ መጥተው ወረቀቱን ሳይቀድዱ ክቡን ይዞሩታል። «ወድቄ ነው የመጣሁት» እያሉ።

ደሴ ያለው የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በአባቶቻችን ጊዜ «ስህን ነው የተማርኩት» ማለት ደረት ያስነፋ ነበር፤ ዛሬ ልጅ እዚያው ግቢ ሲገባ ዘመድ ቀስ ብሎ «ነጥብ አልመጣለትም እንዴ?» ይላል። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናን ግን እወደዋለሁ። ብየዳ ተማርኩ ያለ በይዶ ማሳየት አለበት።

ሌላው ጣጣ እድገት የምንለው ነው። ደሞዝ የሚጨምረው አለቃ ስትሆን ነው፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ጎበዝ አስተማሪ ርዕሰ መምህር ይሆናል፣ ጎበዝ ነርስ አስተባባሪ ትሆናለች፣ ክፍሉም አልጋውም ጎበዙን ያጣል። እኛ ጋ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ላይ የሚደርስባት ያልነበረች ልጅ ሱፐርቫይዘር ተደረገች። ጀማሪ እጅጌ ስታያይዝ ስትንቀራፈፍ ካየች አያስችላትም። «ተነሽ እስቲ» ብላ ወንበሩን ትይዝና ራሷ ትሰፋዋለች፤ የተከመረውን ባንድ አፍታ ታነሳዋለች። በዚያ መሃል በስፌት መስመሩ ሌላ ጫፍ ሥራ ተከምሯል፤ ጀማሪዋም ምንም ሳትማር ቆማ ታያለች። ማታ ታርጌት ሳይሞላ ሲቀር ስብሰባ ላይ ተነስታ የምትጠየቀው እሷ ናት። ያቺ ከሁሉ ፈጣን የነበረች ልጅ «እኔ አልችልም ማለት ነው?» ብላ እኔ ቢሮ አልቅሳለች። ፋብሪካ ውስጥ ጎበዝ ኦፕሬተርን እዚያው ማሽኗ ላይ እንዳለች ከሱፐርቫይዘር እኩል የሚከፍል ደረጃ ይኑር እያልኩ ስወተውት ኖሬያለሁ። እስካሁን «በጀት» የሚል መልስ ነው ያለኝ።

እኔም የሰው ሀብት ኃላፊ ሆኜ ነበር። ውሎው ይሄ ነው፦ ጠዋት የቀሪ ሠራተኛ ሪፖርት፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከሰዓት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መፈረም፣ ማታ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ክርክር። ክፉ ሥራ አይደለም። ከእኔ በኋላ የያዘው ልጅ ክርክር ያለ ቀን ፊቱ ይበራል፤ ተዘጋጅቶበት ነው የሚመጣው። እኔ ግን ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የሚያወራበት ሰዓት ከውሎዬ ሲወጣ የቀረው ሁሉ ከበደኝ። ወደ ቅጥርና ሥልጠና ልመለስ ብዬ ጠየቅሁ። የኃላፊነት አበሉም፣ የሞባይል ካርዱም ቀረ።

እሑድ ቡና ላይ ይህን ሳወራ፣ እትዬ (የእናቴ ታላቅ ናት) ስኒዋን አስቀምጣ «ወረድክ ማለት ነው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ እኔ በየቀኑ አይደል እንዴ የምወርደው» አልኳት። የምንኖርባት ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ሐረጎን እየተጠማዘዝን ስንወርድ ጆሮ ይደፍናል። አልሳቀችም። «ሰው ወደ ላይ ነው እንጂ…» ብላ ቶናው ሳይቀዳ አቦሉን ጨርሳ ዝም አለች። እናቴ ግን ፍሬ ነገሩን ጠየቀች፤ ስንት ነው የቀነሰው? ነገርኳት። ለቤት የምሰጠው እንደማይነካ ስታውቅ ጉዳዩ በእሷ በኩል ተዘጋ።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም። የምኖረው በወላጆቼ ቤት ነው፤ ኪራይ የለብኝም። ኪራይ ቢኖርብኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ያንን ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስፈርም እገኝ ነበር። ስለ ሥራ እርካታ የሚጽፍ ሰው የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍልለት አብሮ ቢጽፍ ጥሩ ነው።

ልክ የተገጣጠሙ ሰውና ሥራም ቢሆኑ ከላይ የሚመጣውን አይመልሱም። በ2014 ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ተይዘው ቆዩ፤ ስንመለስ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ማሽን ተሰባብሯል። ከዚያ ሳናገግም ታኅሣሥ 23 ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ገዢ ትእዛዝ ሲያቆም እጃቸው የማይስት ልጆች ባዶ ማሽን ፊት ተቀመጡ። በዚያ ሰሞን «ሥራህን ትወደዋለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር።

በቅርቡ ጎረቤታችን ሐጂ ቤት ድረስ መጡ። ልጃቸው ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሊመርጥ ነው። «አንተ ሰው ስትመዝን ነው የምትውለው፤ ምን ይሁን?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ? «ከኔ ጋር ይውረድና አንድ ቀን ይዋል» አልኳቸው። አለቃዬን አስፈቅጄ በሰርቪስ ወሰድኩት።

ቦይለሩን በጨረፍታ አይቶ አለፈ። ጥገና ክፍል ስልኩን ሲነካካ ነበር። ማርከር የሚሠራበት ክፍል ሲደርስ ግን ቆመ። ማርከር ማለት የሸሚዙ ቁርጥራጮች፣ ፊቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ በጨርቁ ስፋት ላይ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚደረደሩ የሚያሳይ አቀማመጥ ነው፤ በኮምፒውተር ይሠራል። ከልብስ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ጨርቁ ስለሆነ አንድ በመቶ ማትረፍ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ስክሪኑን ሲያይ ቆይቶ «ይቺን እጅጌ አዙረን እዚህ ብናስገባትስ?» አለ። ባለሙያው ሳቀ፦ «የክሩን አቅጣጫ ትስታለች፤ ሲታጠብ እጅጌው ይጠማዘዛል።» «ስንት ዲግሪ ድረስ ብትዞር ነው ችግር የሌለው?» አለ ልጁ። ባለሙያው መሳቁን ትቶ ወንበር ሳበለት። ለምሳ ስጠራው «መጣሁ» አለኝ፤ አልመጣም።

ማታ ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ጠበቁኝ። የነገርኳቸውን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «እሺ፣ ይሄ ሥራ ምን ይባላል? ለሰው ምን ብዬ ልናገር?» አሉ።

«ጨርቅ እንዳይባክን ያደርጋል ይበሉ» አልኳቸው።

ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ በሜትር ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «እሱስ ጥሩ ነው» አሉ፤ አስከትለውም ደሞዙን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እሱን ለልጁ እኔው እነግረዋለሁ፤ አንተ ተወው» አሉኝ።